የብር ሜዳሊያ ይዘው ሲመጡ ለምን ይከፋናል?

ሐምሌ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ምሽት ደሴ ጉም ውጧታል። ከጦሳ የወረደው ጭጋግ መንገዱን ሸፍኖ ማዶ ያለው ቤት እንኳ አይታይም። እኛ ጎረቤት ተሰብስበናል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ደርሷል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተጀመረ።

ሩጫው 25 ዙር ነው። በሪሁ አረጋዊ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻና ሰለሞን ባረጋ ገና በጊዜ ፊት ወጥተው እየተፈራረቁ መሩ። እኛም ወርቁን በልባችን ወሰድነው። አንዱማ "ዛሬ ሦስቱንም ነው!" ብሎ ተነስቶ ቆመ። በመጨረሻው ዙር ግን ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ አፈተለከ። በሪሁ ከኋላ ተስፈንጥሮ መጣ። አልደረሰበትም። ሁለተኛ ወጣ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ መናገር ጀመረ። "ማን ፊት ውጡ አላቸው?" "ድሮ እንዲህ አልነበረም።" "ፌዴሬሽኑ ነው የገደላቸው።" የቤቱ ባለቤት እማማ ብቻ ስኒ እየቀዱ ቴሌቪዥኑን ቀና ብለው አዩና "አብሽር ልጄ፣ አብሽር" አሉት። በሪሁ ያኔ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር የሚታየው።

እኔም ከተናደዱት አንዱ ነበርኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የተናደድኩት በማን ላይ ነው? በሯጩ ነው፣ በአሰልጣኙ ነው ወይስ በመራጩ? ለየብቻቸው ናቸው። ብሔራዊ ቡድናችን ትልቅ ውድድር ላይ በወጣ ቁጥር ግን ሁሉንም አንድ ላይ እናቦካቸዋለን። ስለዚህ አንድ በአንድ ልፍታው። ከዚህ በታች የምጠራቸው የውድድር ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንየው። ቼፕቴጌ የገባው በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ ነው። በሪሁ በ26፡43.44። ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26፡43.46። በሪሁ ወርቁን ያጣው በ30 መቶኛ ሰከንድ ነው ማለት ነው። ብሩን ከፊሸር ያስቀረው ደግሞ በ2 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያ ፍጥነት 2 መቶኛ ሰከንድ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ለኩት፤ ስንዝር አይሞላም። 10 ኪሎ ሜትር ተሩጦ መጨረሻ ላይ የሚለያየው ስንዝር እንኳ የማይሞላ ነገር ነው።

አሁን ሲድኒን አስታውሱ። በ2000 ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን አሸንፎ ሲገባ ሀገር በእልልታ ቀለጠ። ያ ወርቅ የተገኘው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው፤ ከአንድ እርምጃ ያነሰ። ቴርጋት ያችን እርምጃ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ኃይሌ የለፋው ልፋት አይቀንስም ነበር። እኛ የምናወራው ግን ሌላ ይሆን ነበር። ለሜቻ ግርማ በ2019 ዶሃ ላይ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል የዓለም ወርቅ ያጣው በ1 መቶኛ ሰከንድ ነው። ዮሚፍ ቀጄልቻ በ2025 ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲዬ የቀደመው በ6 መቶኛ ሰከንድ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታዩዋቸው፣ አንዱን ጀግና ሌላውን ሰነፍ ያልንበት ልዩነት ዓይን ከሚርገበገብበት ጊዜ ያንሳል።

ታዲያ ወርቅ ብቻ የሚያጠግበን ከመቼ ጀምሮ ነው?

ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ላይ መወዳደር የጀመረችው በ1956 ሜልቦርን ነው። ያኔ ሜዳሊያ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ከዚያ እስከ ፓሪስ ድረስ 24 የወርቅ ሜዳሊያ አግኝተናል። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ 24ቱም የመጡት ከሦስት ርቀት ብቻ ነው። ማራቶን 7፣ 10 ሺህ ሜትር 11፣ 5 ሺህ ሜትር 6። ሌላ የለም።

በአንድ ኦሊምፒክ ደግሞ በነዚህ ሦስት ርቀቶች ያለው ወርቅ በወንድም በሴትም ተደምሮ 6 ነው። ሲድኒ ላይ ከ6ቱ 4ቱን ወሰድን። ቤጂንግ ላይ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁለት ሁለት ወስደው እንደገና 4። እኔና እኩዮቼ ልካችንን የወሰድነው ከዚያ ነው። "ድሮ" ስንል ሁለቱን ኦሊምፒኮች ማለታችን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ድሮ ዘንግተነዋል። ባርሴሎና ላይ በ1992 አንድ ወርቅ ነው የመጣው፤ የደራርቱ ቱሉ። ያችን አንዲት ወርቅ ይዛ ስትመጣ "ለምን አንድ ብቻ?" ያላት ሰው አላውቅም። ሪዮ፣ የ2021ዱ ቶኪዮና ፓሪስም አንድ አንድ ወርቅ ናቸው። እነዚህን ግን "ውርደት" ስንላቸው ሰምቻለሁ፤ ብያለሁም።

ፓሪስ ላይ ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አግኝታለች። ኢትዮጵያ በ800 ሜትር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አግኝታ አታውቅም ነበር። ታሪክ ነው። እኛ ሰፈር ግን ስለ ጽጌ የተወራው አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ተፎካካሪውም እንደ ድሮው ኬንያ ብቻ አይደለም። ዩጋንዳ መጥታለች። አውሮፓና አሜሪካም ከፍ ያለ ቦታ ወጥተው ይለማመዳሉ። ሲፋን ሀሰን አዳማ ተወልዳ፣ በ2008 በስደት ኔዘርላንድ ገብታ፣ ዛሬ ለዚያች ሀገር ነው የምትሮጠው።

አሁን ብዙ ሰው ግራ ወደሚጋባበት ነገር ልምጣ። "የዓለም ክብረ ወሰን ያለው ሰው እንዴት ይሸነፋል?" ይባላል።

ትዕግስት አሰፋን እንይ። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። ፓሪስ ላይ የገባችው በ2፡22፡58 ነው። 11 ደቂቃ ዘገየች! አንድ ጎረቤታችን "ታማ ይሆን?" አለ። አልታመመችም። በርሊን ሜዳማ ነው። እዚያ ወንዶችና ሴቶች አብረው ይሮጣሉ፤ አሯሯጭም አለ። አሯሯጭ ማለት ፊት እየመራ ፍጥነቱን የሚጠብቅ፣ ነፋሱንም የሚከላከል ተከፋይ ሯጭ ነው። ኦሊምፒክ ላይ አሯሯጭ የለም። ሴቶቹ ለብቻቸው ናቸው። የፓሪሱ መንገድ ደግሞ ሲደመር ከ400 ሜትር በላይ ሽቅብ ነበረበት። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን በእግሩ የወጣ ሰው ይገባዋል። ዳገት ላይ ሰዓት አይሠራም፤ የሚሠራው ጉልበትና ብልሃት ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ትዕግስት ከሲፋን ሀሰን ጋር እስከ መጨረሻው ትከሻ ለትከሻ ተያይዛ በ3 ሰከንድ ተቀደመች። በ2025 የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ላይም ኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር በ2 ሰከንድ ቀደመቻት። ሁለት ጊዜ 42 ኪሎ ሜትር ሮጣ ሁለቱን ወርቅ ያጣችው በድምሩ በ5 ሰከንድ ነው። ይህችን ሴት "ወርቅ አይሆንላትም" ማለት ልክ አይመስለኝም።

የ10 ሺህ ሜትሩም ያው ነው። እኛ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ወደ ቦሩ ሜዳ የሚሮጥ አንድ ልጅ አለ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የበሩ ድምፅ ይሰማኛል። የሩጫ ጫማው ጎኑ ተቀድዶ በናይሎን ክር ተሰፍቷል፤ ክሩ ሰማያዊ፣ ጫማው ቀይ። ያን ምሽት ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ትልልቆቹ ሲጮሁ ዝም ብሎ ቆየና "ጋሼ፣ ፊት ያለው እኮ ነፋስ ይበላል" አለኝ። አስረዳኝም። ቼፕቴጌና ፊሸር መጨረሻ ላይ ፈጣን ናቸው። ሩጫው ዝግ ካለ ጉልበታቸውን ቆጥበው በመጨረሻው 200 ሜትር ይጨርሱታል። ስለዚህ የኛዎቹ ቀድመው አፍጥነው የነሱን እግር ማድከም ነበረባቸው። ለዚህ ነው የተፈራረቁት። አንዱ ነፋሱን ሲበላ ሌላው ከኋላው ያርፋል።

ታዲያ ለምን አልሠራም? ያ ሁሉ ሰው አብሮ መቆየት ስለቻለ ነው። ቼፕቴጌ የገባበት ሰዓት አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆኗል። ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ካስመዘገበው 27፡01.17 እንኳ በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። በ2021 ቶኪዮ ላይ ግን ሩጫው ዝግ ያለ ነበር፤ ሰለሞን ባረጋ በ27፡43.22 ያሸነፈው በመጨረሻ ዙር ፍጥነት ነው። ዝግ ሲል አሸነፍን፣ ሲፈጥን ብር አገኘን። የፓሪሱ ዕቅድ ስህተት ነበር የሚል ሰው ካለ ሊከራከር ይችላል፤ ጥሩ ክርክር ነው። በእኔ እምነት ግን ዕቅዱ ልክ ነበር። ሦስቱም እንደተነጋገሩት ሮጠዋል። ዮሚፍ 6ኛ፣ ሰለሞን 7ኛ የወጡት ስለሰነፉ ሳይሆን ያን ሁሉ ዙር ነፋስ ስለበሉ ነው። የበሪሁ ብር ውስጥ የነሱም እግር አለበት።

የምርጫው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። እዚህ ላይ ወቀሳ ያስፈልጋል፤ ግን አውቆ መውቀስ ያስፈልጋል።

ኦሊምፒክ ላይ አንድ ሀገር በአንድ ርቀት ከ3 ሰው በላይ ማሰለፍ አይችልም። እንደኛ ያለ ሀገር ሚኒማውን፣ ማለትም ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት፣ ያሟላ ሯጭ በብዛት አለው። ማራቶን ላይማ ጎርፍ ነው። ሌላ ሀገር ቢወለዱ በቀላሉ የሚሰለፉ ልጆች እኛ ጋ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያያሉ። ማንም ተመረጠ ማን፣ "እገሌስ?" የሚባል ሰው አይጠፋም። ሯጮቹን የሚመርጠው የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ነው። ልዑኩን አስመዝግቦ ይዞ የሚሄደው ደግሞ የኦሊምፒክ ኮሚቴው ነው። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ጭቅጭቁ አደባባይ ይወጣል፤ ከ2021ዱ ቶኪዮ በፊት አይተነዋል። የሚጎዳው በመሃል ያለው ሯጭ ነው።

ለ10 ሺህ ሜትር መምረጥ ይቀላል። አንድ ቀን ታሮጣለህ፣ ቀድመው የገቡትን ትወስዳለህ። ለፓሪስ የተደረገው እንዲህ ነው፤ ስፔን ውስጥ ኔርሃ በምትባል ከተማ። "ለምን እዚህ አይሮጡም?" ላላችሁ መልሱ እግራችሁ ሥር ነው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አትርቅም። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ለልምምድ ፀጋ ነው፤ ደም ያበረታል። ለሰዓት ግን ጠላት ነው። ለፓሪስ የተጠየቀው የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ሚኒማ 27 ደቂቃ ነበር። ይህን እዚህ ከፍታ ላይ ሩጥ ማለት ዕቃ ተሸክመህ ሩጥ እንደማለት ነው። የመሮጫ ትራክ እጥረቱ ደግሞ የራሳችን ጥፋት ነው። ወልዲያ ላይ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስም የተሠራ ትልቅ ስታዲየም አለ። እንዲህ ያለው ግን በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛው ወጣት ልክ እንደ ጎረቤቴ ልጅ አስፋልት ላይ ነው የሚያድገው።

ማራቶን ላይ ግን ማጣሪያ ራሱ ችግር ነው። ማራቶን የሮጠ ሰው ለመመለስ ወራት ይፈልጋል። ለ2021ዱ ቶኪዮ ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ። ግልጽ ነበር፤ የቀደመ ሄደ። ውድድሩ ሳፖሮ በምትባል ሌላ የጃፓን ከተማ ሲደረግ ግን ሦስቱም ወንዶች አቋርጠው ወጡ። ለፓሪስ ደግሞ ባለፉ ውጤቶች ተመረጠ። ሲሳይ ለማ፣ ድሬሳ ገለታና ቀነኒሳ በቀለ ገቡ። ታምራት ቶላ ተጠባባቂ ሆነ። ሲሳይ ተጎዳና ታምራት በመጨረሻ ሰዓት ተተካ።

ቅዳሜ ነሐሴ 4 ጠዋት ታምራት ዳገቱ ላይ ጥሏቸው ሄደ። በ2፡06፡26፣ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ። እማማ ቤት እልልታው እስከ ዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። እኔ ግን ደስታዬ መሃል አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ታምራት በ2023 ዳገት የማያጣውን የኒውዮርክ ማራቶን በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈ ሰው ነው። የፓሪስ መንገድ ዳገታማ እንደሆነ ደግሞ ቀድሞ ይታወቅ ነበር። መራጮቹ "ለዚህ መንገድ ማን ይሆናል?" ብለው ጠይቀው ይሆን? እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው ፌዴሬሽን የሚያሻሽለው። መስፈርቱ ከዓመት በፊት በግልጽ ይነገር። አብዛኛው ሯጭ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ከራሱ አሰልጣኝ ጋር ስለሆነ፣ በውድድሩ ቀንም ያ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ይሁን። ልዑኩ ውስጥ ማን ለምን ሥራ እንደሄደ ይታወቅ። እነዚህን ደጋግመን ብንጮህባቸው አይበዛም።

ዘንድሮም አምናም የሰማሁት አንድ ሌላ ወቀሳ ግን ጆሮዬን ያሳምመኛል። ሯጭ ሲሸነፍ ስሙን አይቶ የየት ልጅ እንደሆነ ቆጥሮ መስደብ። እማማ ቤት ያን ሰሞን ፍልሰታ የያዝነው ቆሎ፣ እሳቸው ደግሞ ዳቦ ይዘን አንድ ረከቦት ዙሪያ ነበርን። ወሎ ላይ እንዲህ ነው ያደግነው። እንዲህ ያደገ አፍ ያንን ስድብ ሲያወጣ ስሰማ ያመኛል።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ ማታ የሆነውንም ልንገራችሁ። ለሜቻ ግርማ የመሰናክል ፍጻሜ ላይ ነበር። ዶሃ፣ ቶኪዮ፣ ዩጂን፣ ቡዳፔስት ላይ አራት ጊዜ ብር ወስዷል። የዓለም ክብረ ወሰኑ፣ 7፡52.11፣ የእሱ ነው። ስለዚህ ሁላችንም "ዛሬ ወርቅ" ብለናል። መሰናክል ላይ 35 ጊዜ ይዘለላል። አጥሩ ለወንዶች 91 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከብርቱ እንጨት የተሠራ። እንደ አጭር ርቀቱ መሰናክል ሲነኩት አይወድቅም፤ ሯጩ ነው የሚወድቀው። በመጨረሻው ዙር የለሜቻ እግር ነካው። በጭንቅላቱ ወደቀ። አልተነሳም።

እማማ ጀበናውን ለቀቁት። ቡናው ከሰሉ ላይ ፈሶ ጭሱ ተነሳ፣ ማንም አላየውም። "ወይኔ ልጄን! ወይኔ ልጄን!" ብለው ደረታቸውን ያዙ። ለሜቻን በቃሬዛ አወጡት። በዚያች ሰዓት ወርቅ ያለ ሰው አልነበረም። ስለ ፌዴሬሽን ያወራ ሰው አልነበረም። ያ የሚሮጠው ልጅ ብቻ ቆሞ "እግሩ ደክሞበት ነው፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ነው" ይል ነበር፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። በኋላ ለሜቻ ነቅቷል የሚል ወሬ እስኪሰማ ድረስ እማማ አልተኙም።

የሚቀጥለው ኦሊምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ነው። የሚከፈተው በእኛ ሐምሌ 7 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። ሎስ አንጀለስ በዚያ ወቅት ከእኛ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለእማማ ባለፈው ነገርኳቸው። ብዙ ሰው የማይነሳ መስሎኝ ነበር።

"ሌሊት 10 ሰዓት?" አሉኝ። "እኔ ያኔ ለሱብሒ ልነሳ ጥቂት ነው የሚቀረኝ። ጀበናውን ቀደም ብዬ እጥደዋለሁ። አንተ ልጁን ቀስቅሰውና ይዘኸው ና።"